ሲሮጡ የታጠቁት ሲስተም

«መጀመሪያ ይሠራ፤ ፍተሻው ኋላ ይደርሳል» ትላለህ።

ኋላ የምትለው መቼ ነው? ክፍያው ካለቀ በኋላ? ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ? ወይስ ልጇን ያዘለች እናት መስኮቱ ሥር ቆማ «ሲስተም የለም» ከተባለች በኋላ? ቀኑን ጥራልኝ። ቀን ካልተቆረጠለት፣ ፈታሽ ካልተሰየመለት፣ ያ ፍተሻ በአፍህ እንጂ በሥራህ ውስጥ የለም።

እኔ የምመልሰው ከአሶሳ ሆኜ ነው። የምመልሰውም ላፕቶፑን አንግቦ ከአዲስ አበባ ለሚመጣው ሶፍትዌር ሠሪና ውሉን ለሚፈርሙት የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው። አንተ ታናሽ ወንድሜ ነህ፣ «አንተ» ብልህ አትቀየመኝም። እርስዎ ታላቄ ነዎት፣ አከብርዎታለሁ። ቃሌ ግን ለሁለታችሁም አንድ ነው፦ የኮዱ የመጀመሪያ መስመር ሳይጻፍ፣ እንዲያውም ጨረታው ሳይወጣ፣ ሲስተሙን ማን፣ መቼ፣ በምን መረጃ እንደሚፈትሸው፣ ምን ሲሆን አለፈ፣ ምን ሲሆን ወደቀ እንደሚባል በጽሑፍ ይስፈር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። በእኛ ቢሮ ሲፈታ የሚበተነው ደግሞ የሰው የልደት መዝገብ፣ የሰው ደመወዝ፣ የሰው የመሬት ይዞታ ነው።

«ይህ የባንክና የአየር መንገድ ጭንቀት ነው፤ የኛ ሲስተም ትንሽ ናት።»

ትልቁን አይተኸዋል። ዓርብ መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለቅዳሜ አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ባንኩ በዚያ ሌሊት ወደ 490 ሺህ የሚጠጋ ግብይት እንደተካሄደ፣ 801 ሚሊዮን ብር ገደማም ያለአግባብ እንደወጣ ገለጸ። የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ ከራሱ የሲስተም ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ ችግር ነው አለ። አብዛኛው ገንዘብ ኋላ ተመልሷል። እስኪመለስ ግን የሆነውን አስታውስ። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው እንዲመልሱ ማስታወቂያ አወጡ፤ ያልመለሱት ደግሞ ስማቸውና ፎቷቸው ለሕዝብ ይፋ ሆነ። አንድ የሶፍትዌር ጉድለት በአንድ ሌሊት ውስጥ ገና ጢም ያላበቀለውን ልጅ በስርቆት አስጠየቀ። ልጁ ማድረግ አልነበረበትም፤ አዎ። ፈተናውን ከፊቱ ያስቀመጠው ግን ሲስተሙ ነው።

«ያ እኮ ማሻሻያ ነው፤ እኛ አዲስ ነው የምንሠራው።» አዲሱ ነገ ይሻሻላል። 100 ብር ያለው ሰው 101 ብር ሲጠይቅ ሲስተሙ «አይሆንም» ይላል ወይ የሚለው ጥያቄ አንዴ ተጠይቆ የሚተው አይደለም። ትናንት ያለፈው ፈተና ከእያንዳንዱ ማሻሻያ በኋላ እንደገና ይሰጣል። እንደገና የሚሰጠው ደግሞ ጥያቄው ከነመልሱ ተጽፎ ከተቀመጠ ነው። ያልተጻፈ ፈተና ከፈታሹ ጋር ሥራ ይለቃል።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ፤ ከባዱ ያለው እርስዎ ዘንድ ነው።

«ጊዜ የለም። ሰኔ 30 እየደረሰ ነው። በጀቱ ይመለሳል።»

ሰኔ 30 ድንገት መጥቶ ያውቃል? በየዓመቱ የሰኔ 29 ማግስት ነው። ሐምሌ 1 በጀት ዓመቱ ሲከፈት ቀኑ ከፊትዎ ተሰቅሏል። ሐምሌና ነሐሴ በስብሰባ ያልፋሉ። ቢጋሩ ኅዳር ላይ ይጻፋል፤ ጨረታው ጥር ላይ ይወጣል፤ ቅሬታ ቀርቦ፣ ተጣርቶ ውሉ መጋቢት ላይ ይፈረማል። ሠሪው የስድስት ወሩን ሥራ በሦስት ወር ሊጨርስ ይዋከባል። ከሦስቱ ወር ላይ መጀመሪያ የሚቀነሰው ምንድን ነው? ስክሪኑ አይቀነስም፣ ይታያል። ሪፖርቱ አይቀነስም፣ ይጠየቃል። የሚቀነሰው ፍተሻው ነው፤ ቢቀነስ ያን ዕለት ማንም አያይም።

ከዚያ ርክክቡ ይመጣል። ያየሁትን ልንገርዎ፤ የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልናገርም። ረጅም ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ ፕሮጀክተር፣ የርክክብ ኮሚቴው በአንድ ወገን። ላፕቶፑ ያለው ሠሪው ፊት ነው፤ መዳፊቱን የሚያንቀሳቅሰውም እሱ ነው። የሚያስገባው ስም «አበበ ከበደ»፣ የልደት ቀኑ መስከረም 1፣ ስልኩ ዘጠኝ ዜሮ። «አስቀምጥ» ይላል፣ አረንጓዴ ጽሑፍ ይወጣል፣ ኮሚቴው ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። ዓመቱን ሙሉ መስኮቱ ላይ የምትቀመጠው መዝጋቢ እዚያ ክፍል ውስጥ የለችም፤ ያን ሰዓት ወረፋ እያስተናገደች ነው። ሲያበቃ ንብረት ክፍሉ ሞዴል 19 ይቆርጣል፦ ላፕቶፕ 5፣ ፕሪንተር 2፣ ሶፍትዌር 1። ሶፍትዌሩ እንደ ወንበር ተቆጥሮ ገባ። ወንበር ግን ሲረከቡት እንኳ ይቀመጡበታል።

«ታዲያ በጀቱን ላስመልስ?» አላልኩም። ከሰኔ 30 ወደ ኋላ ይቁጠሩ ነው የምለው። ርክክቡ በግንቦት አጋማሽ ካለቀ፣ የተገኘውን ስህተት ለማረም አንድ ወር ተኩል ይተርፋል። ለዚያ ሚያዝያን ሙሉ አንድ ወረዳ ላይ በእውነተኛ ሥራ መሞከር አለበት። ለዚያ ደግሞ የመጀመሪያው የሚሠራ ክፍል የካቲት ላይ መድረስ አለበት። ስለዚህ ውሉ ኅዳር ላይ ይፈረማል፣ የፍተሻ ዕቅዱም በሐምሌ ከቢጋሩ ጋር አብሮ ይጻፋል። እኔ አልጨመርኩበትም፣ ቁጥሩ ራሱ ወደዚያ ይወስዳል። ሥራው በዓመት የማያልቅ ከሆነ ከፋፍለው ይግዙ፤ ዘንድሮ የልደት ምዝገባው፣ ለከርሞ የጋብቻው። እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ፈተና ሲያልፍ የራሱ ክፍያ ይፈጸም። አቅራቢው በፈተና ውጤት የሚከፈለው ከሆነ ፈተናውን ከእርስዎ በፊት እሱ ይጠይቃል።

«ገንዘብ ቢኖረን ይሄ ሁሉ አይደርስም ነበር።»

አሜሪካ ገንዘብ ነበራት። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2013 የጤና መድን መሸጫ ድረ ገጿን ስትከፍት በመጀመሪያው ቀን ምዝገባውን መጨረስ የቻሉት 6 ሰዎች ናቸው። ተቋራጮቹ ኋላ ኮንግረሱ ፊት ቀርበው ሲጠየቁ፣ ሲስተሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተፈተሸው በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ብቻ እንደሆነ ተናገሩ። ሁለት ሳምንት የቀራቸው ሰኔ 30 ባይኖርባቸውም ጥቅምት 1 ስለነበረባቸው ነው። ስለዚህ ገንዘብን እንተወው፤ ገንዘቡ በሙሉ በእጃቸው ነበር።

ይልቅ የገንዘብ ነገር ካነሱ አንድ ያስቡ። እኛ ዘንድ የዘገየ ስህተት ዋጋው ከአዲስ አበባ ይብሳል። ስህተቱ ሠሪው ጠረጴዛ ላይ ሳለ ቢገኝ በሻይ ሰዓት ይታረማል። ግልገል በለስ ላይ ቢገኝስ? ግልገል በለስ የመተከል ዞን ከተማ ናት፤ መተከል ደግሞ ከአሶሳ በዓባይ ማዶ ነው። ባለሙያ ሊልኩ ነው፤ መኪና፣ ነዳጅ፣ አበል፣ ክረምት ከሆነ ጭቃ። ደርሶም «ፓስወርዱ ከአዲስ አበባ ይምጣ» ይባላል። የፍተሻ ዕቅድ ለመጻፍ የሚያስፈልገው ጥቂት ቀን፣ አንድ ጠረጴዛና ጥቂት ሥራ አዋቂ ሰዎች ናቸው።

አንተ ደግሞ ዝም ያልከው ያልፍልኛል ብለህ ከሆነ፣ አያልፍህም።

«ራሴ ፈትሼዋለሁ።» አምናለሁ። ግን የሄድከው በሠራኸው መንገድ ነው። የቱ ቁልፍ መቼ እንደሚጫን ታውቃለህ፤ የማይጫነውን አትጫነውም። መዝጋቢዋ ትጫነዋለች። ፈታሹ ሌላ ሰው ይሁን ስልህ ታማኝነትህን መጠርጠሬ አይደለም፤ ሰው የራሱን ደብዳቤ ደጋግሞ አንብቦ የቀረውን ፊደል አያይም።

«ምን አለው ደግሞ የሚፈተሽ፤ ስም ነው፣ ቀን ነው።»

ስም ነው አልክ? ና እንግዲህ። የአሶሳን ታሪክ ያነበበ ሁሉ ሼክ ሆጄሌ አልሐሰንን ያውቃል። ይህን አንድ ስም አስገባልኝ። አንዱ ጸሐፊ «ሆጄሌ» ይላል፣ ሌላው «ኾጀሌ»፣ ሦስተኛው «ሆጀሌ»። ቀጣዩን አንዱ «አልሐሰን»፣ አንዱ «አል ሐሰን»፣ አንዱ «አል-ሀሰን» ብሎ ይጽፋል። ሲስተምህ ባዶ ቦታ ባየ ቁጥር ስም የሚቆርጥ ከሆነ «አል» የአባት ስም፣ «ሐሰን» የአያት ስም ሆኖ ቁጭ ይላል። በታሪክ መጽሐፍ የሚታወቅ ሰው እንዲህ ከተቆራረጠ፣ ዛሬ ከባምባሲ የምትመጣ አንዲት እናት ምን ልትሆን ነው? ሐዋ ናት እንበል። አምና አንዱ በ«ሐ» መዘገባት፤ ዘንድሮ ሌላዋ በ«ሀ» ፈለገቻትና «የለችም» አላት ማሽኑ። መዝጋቢዋ ወረፋ አለባትና እንደ አዲስ መዘገበቻት። አሁን ሐዋ ሁለት ሰው ሆናለች። የአንደኛዋ ልጅ ሁለት ክትባት ወስዷል፣ የሁለተኛዋ ልጅ ምንም አልወሰደም፤ ልጁ ግን አንድ ነው።

ይህ ፈተና በሁለት መስመር ይጻፋል። «መዝገቡ ውስጥ ሐዋ በሐመሩ ሐ አለች። ጸሐፊዋ በሃሌታው ሀ ትፈልግ። የሚጠበቀው፦ ሐዋ ትገኝ።» ካልተገኘች ወደቀ። ይህን ከመጀመሪያው ብታውቀው የመረጃ ቋትህን ስትነድፍ ሞክሼ ፊደላቱን አንድ የምታደርግበትን መንገድ ታስገባ ነበር፤ የጥቂት ሰዓት ሥራ ነው። 50 ሺህ ሰው ከተመዘገበ በኋላ ብታውቀው ግን ማን ከማን ጋር አንድ ሰው እንደሆነ በእጅ ልትለይ ነው። የፍተሻ ዕቅድ ቀድሞ ይጻፍ የምልህ ለዚህ ነው፤ ፈተናውን አስቀድሞ ያነበበ ሠሪ ሌላ ነገር ነው የሚሠራው።

ቀን ነው አልክ? ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. የተወለደን ሕፃን መዝግብልኝ። የሉቃስ ዓመት ነበር፣ ጳጉሜን 6 ነበረች፤ በአውሮፓውያኑ መስከረም 11 ቀን 2023። ወራት 12 ብቻ ናቸው ብለህ ከሠራህ ሕፃኑ ከነጭራሹ አይመዘገብም። ጳጉሜን ሁልጊዜ 5 ናት ብለህ ከሠራህ ሲስተሙ ወደ መስከረም 1 ቀን 2016 ይገፋዋል። «አንድ ቀን ምን አላት?» እንዳትለኝ። ያቺ አንድ ቀን ዓመት ታሻግራለች፤ ልጁ ለትምህርት ሲደርስ የዕድሜው ስሌት ከጓደኞቹ በአንድ ዓመት ይለያል። ቀጣዩ ጳጉሜን 6 የሚመጣው በ2019 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ሲስተሙ ሠራ ሠራ ሲባል ይቆይና ያን ዕለት ይወድቃል፤ አንተም ያኔ ሌላ ውል ላይ ነህ። በእኛና በአውሮፓውያን መካከል ያለው ልዩነትም ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 መሆኑን ፈትሽ። ቀጠሮ የሚሰጥ ከሆነ «3 ሰዓት» ያለው ሰው ጠዋት ይምጣ ሌሊት ይምጣ፣ እሱንም ፈትሽ።

«እሺ፣ ሎጂኩን አርማለሁ። ሰርቨሩ ግን ፈጣን ነው፤ ቢሯችን ላይ በሰከንድ ነው የሚመልስ።»

ቢሯችሁ የት ነው? ቦሌ። ካማሺ ላይ ሞክረኸዋል? ማኦና ኮሞ ላይ? መዝጋቢዋ «ላክ» ትላለች፣ ክቡ ይሽከረከራል፣ ኔትወርኩ ሄዷል። የተላከ ወይም ያልተላከ መሆኑን የሚነግራት የለም። ደግማ ትጫናለች። ኔትወርኩ ሲመለስ ሁለቱም ይገባሉ፤ አንድ ጊዜ የከፈለ ነጋዴ ሁለት ደረሰኝ፣ አንድ የወለደች እናት መንታ። ፈተናው ይኸውልህ፦ መረጃው ግማሽ ሲሞላ ኔትወርኩን አጥፋ፤ «ላክ»ን ሦስት ጊዜ ተጫን፤ ኔትወርኩን መልስ፤ የሚጠበቀው አንድ መዝገብ ነው። ቀጥለህ ገመዱን ከግድግዳው ንቀል፤ መብራቱ ሲመለስ የተጻፈው የት ገባ? ሁሉም ስማርት ስልክ የለውም፤ ቴሌብር እንኳ በ2013 ዓ.ም. ሲወጣ ለተራው ስልክ *127#ን ይዞ ነው የወጣ። የአንተስ አገልግሎት ያለ ኢንተርኔት ምን ይዞ ወጣ? መልእክቱስ በበርታኛ ወይም በጉሙዝኛ አፉን ለፈታ፣ አማርኛን በገበያ ለለመደ ሰው ይገባል ወይ? አምስት ሰው ፊት አስነብበው፤ ሦስቱ ካልገባቸው ወደቀ።

ጎረቤታችን ኬንያ ይህን በውድ ተምራዋለች። እ.ኤ.አ. መጋቢት 4 ቀን 2013 በተካሄደው ምርጫ መራጭ በጣት አሻራ እንዲለይ መሣሪያ ተገዝቶ ነበር። ምርጫ ጣቢያው ደግሞ የትምህርት ቤት ክፍል ነው፤ ሶኬት የሌላቸው ነበሩ። ባትሪው አለቀ፣ አስመራጮቹ ወደ ወረቀቱ መዝገብ ተመለሱ። በዚያው ምርጫ ውጤት የሚያሳየው ሲስተም ዋጋ አልባ ድምፆችን በ8 እያባዛ ሲያሳይ ዋለ፤ ችግሩ የሶፍትዌር ስህተት መሆኑን ምርጫ ኮሚሽኑ ራሱ ገለጸ። ቆጠራው በእጅ ሲሆን ቁጥሩ ወረደ። ሶኬት መኖሩን ለማረጋገጥ የሚያስፈልገው ወደ ክፍሉ ገብቶ ግድግዳውን ማየት ነው፤ ማየቱ ግን በዕቅዱ ላይ የአንድ ሰው ሥራ ሆኖ መጻፍ አለበት።

«ለሙከራ እውነተኛውን መረጃ ስጡኝና ልፈትሽ።»

አይሰጥህም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። አዋጁ ባይኖርም ኅሊና አለ። ይህ ክልል የሸርቆሌን፣ የባምባሲንና የጾሬን የስደተኛ መጠለያዎች ያኖረ ነው፤ ከሱዳን ጦርነት ሸሽቶ በኩርሙክ የገባ ሰው ስሙና ፎቶው በአንድ ሠራተኛ ፍላሽ ላይ አዲስ አበባ ካፌ ውስጥ ሊዞር አይገባም። የሙከራ መረጃ ራስህ ትፈጥራለህ። ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህም ቀድሞ ይታቀዳል። አበበ ከበደን ብቻ እንዳትፈጥር፤ አራት ስም ያለውን፣ የአያት ስሙን የማያስመዘግበውን፣ የልደት ቀኑን የማያውቀውን፣ 97 ዓመት የሞላቸውን አባት፣ ገና ስም ያልወጣለትን ሕፃን ፍጠር።

«ሥራው ያምራል፤ ሁሉም ወረዳ ባንድ ቀን ይጀምር። ለክልሉ ክብር ነው» አሉ እርስዎ።

ክብሩን እኔም እወዳለሁ። ግን የክልላችን ትልቁ ሥራ ጉባ ላይ ነው፤ እሱን እንየው። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ የተጣለው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። 13 ተርባይን አለው። 13ቱም ባንድ ጠዋት ተነሡ? አልተነሡም። የመጀመሪያው የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ኃይል ማመንጨት ጀመረ፤ ሁለተኛው በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ። እያንዳንዱ እየተሞከረ፣ አንዱ ያስተማረው ለቀጣዩ እየዋለ ሄደ፤ ምረቃው የመጣው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጭ ግድብ በተራ በተራ ከተነሣ፣ የልደት ምዝገባ ሲስተም አንድ ወረዳ ላይ አንድ ወር ቢቆይ ክብር አይቀንስም። ወረዳውንም ለቢሮ የቀረበውን አይምረጡ። ኔትወርኩ የሚቸገርበትን ይምረጡ፤ እዚያ ያለፈ አሶሳ ከተማ ላይ አይወድቅም።

«ቢወድቅስ ምን እናደርጋለን?» ይህን ጥያቄ ሲጠይቁኝ ደስ ይለኛል፤ አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው ከወደቀ በኋላ ነውና። በ2012 ዓ.ም. መሰጠት የነበረበት የ12ኛ ክፍል ፈተና በኮቪድ ምክንያት ሲተላለፍ በታብሌት ሊሰጥ ታስቦ ነበር። ታብሌቶቹ በጊዜ አልደረሱም፤ ፈተናው በ2013 ዓ.ም. በወረቀት ተሰጠ። ታብሌት ባይደርስ ወረቀት ነበረ። የእርስዎም ዕቅድ «ሲስተሙ በመጀመሪያው ሳምንት ቢቆም የወረቀቱ መዝገብ የት ይገኛል? ማን ይከፍተዋል? ኋላስ ወደ ሲስተሙ ማን ያስገባዋል?» የሚለውን ይመልስ። መልሱንም አስቀድመው ይሞክሩት፤ አንድ ቀን ሆን ብለው ሲስተሙን ይዝጉና ቢሮው እስከ ማታ ሲሠራ ይዩ። የድሮውን መዝገብ በአዲሱ ሲስተም ምርቃት ማግስት መጋዘን የሚያስገባ ሰው ካለ ያስቁሙት።

«ፈታሽ የለንም። ባለሙያ ከየት አመጣለሁ?»

እዚሁ አለ። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው መዝጋቢ ናት። ሰው ምን ዓይነት ወረቀት ይዞ እንደሚመጣ፣ የት ላይ እንደሚጨቃጨቅ፣ የትኛው ቀበሌ ማኅተም እንደሚደበዝዝ ከእርሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ሁለት ቀን ከሥራዋ ነፃ ያድርጓትና ያጋጠሟትን አስቸጋሪ ጉዳዮች ትናገር፣ አንድ ሰው ይጻፍ። የፍተሻ ዝርዝሩ እሱ ነው። የቴክኒኩን ወገን ደግሞ አሶሳ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች አሉት፤ የመመረቂያ ሥራቸውን በመደርደሪያ ከሚያስቀምጡ ይህን ሲስተም ሊሰብሩት ይሞክሩ። ወጣት ደግሞ ስበር ሲሉት ደስ ይለዋል። ያገኙትን ስህተት ከነቀኑ፣ ከነስክሪኑ ፎቶ ይመዝግቡ፤ አንተም እያረምክ ትፈርምበታለህ። ስህተት ያገኘብህ ልጅ ላይ ፊትህን እንዳታጠቁር፤ ከሕዝብ ፊት ያተረፈህ እሱ ነው።

እርስዎ የጨረታ ሰነዱን ረቂቅ አሳይተውኛል። ስለ ፍተሻ የሚለው አንድ መስመር ነው፦ «አቅራቢው ሲስተሙን ፈትሾ ያስረክባል።» ይሰርዙት። ተፈታኙን ፈታኝ የሚያደርግ መስመር ነው። በቦታው የፈተናውን ዝርዝር በአባሪ ያያይዙ፤ ተጫራቹ ዋጋ የሚያቀርበው አንብቦት ይሁን። ሐዋ የምትገኝበትን፣ ጳጉሜን 6ን፣ ሦስት ጊዜ የተጫነውን «ላክ» አይቶ የሚሸሽ ተጫራች ካለ ዛሬ ይሽሽ።

«ሁሉም ተጽፎ፣ የመጨረሻው ቀን ላይ መዝጋቢዋ ‹አላለፈም፣ አልፈርምም› ብትልስ? ከላይ ስልክ ይደወላል፤ ሰኔ 30 ነው ይባላል፤ እርሷ ተራ ሠራተኛ ናት።»

ትክክል ነዎት፤ ፍተሻ ሁሉ የሚሸነፈው እዚያ ስልክ ላይ ነው። ስለዚህ ደብዳቤውን ዛሬ ይጻፉላት፣ ስልኩ ሳይደወል። ቁጥርና ማኅተም ያለበት፣ በአባሪው የተዘረዘረው ፈተና ካልታለፈ በርክክቡ ላይ አለመፈረም የሥራ ግዴታዋ እንደሆነ፣ በዚህም ምክንያት እንደማትጠየቅ፣ እንደማትዛወር የሚገልጽ። ፊርማ የእርስዎ። ግልባጭ ለፋይናንስ፣ ግልባጭ ለግዥ ክፍል፣ ግልባጭ ለአቅራቢው ድርጅት።